ምርኩዙ በየትኛው እጅ? አረጋውያን፣ አልጋና የአካል ተሃድሶ

በምዕራብ ለንደን የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በ1935 አጠገቡ የነበረውን የድሆች መጠለያ የሕሙማን ክፍል ተረከበ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከርክክቡ ጋር 714 ሕሙማን አብረው መጡ። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ብዙዎቹ በወጉ ሳይመረመሩ፣ ሕክምናም ሳያገኙ ለረጅም ጊዜ ከአልጋ ሳይወርዱ የኖሩ ናቸው። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ሞት ብቻ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሐኪም ማርጆሪ ዋረን ሥራቸውን የጀመሩት ሌላው አያስፈልግም ብሎ ከተወው ነገር ነው። እያንዳንዱን አረጋዊ እንደ ማንኛውም ታካሚ መረመሩ። ልቡ የታመመውን፣ ስትሮክ የመታውን፣ እግሩ የተቆረጠውን፣ አእምሮው የደከመውን ለያይተው አስቀመጡ። ቀጥለውም ክፍሉን ራሱን ለወጡት። ግድግዳው ብሩህ ቀለም ተቀባ፤ መብራቱ ተሻሻለ፤ አልጋዎቹ ሰው እግሩን መሬት አስነክቶ ሊነሣባቸው በሚችል ከፍታ ተደረጉ፤ የእጅ መደገፊያዎች ተበጁ። ሕመምተኞቹ በየዕለቱ እንዲቀመጡ፣ እንዲቆሙ፣ እንዲራመዱ ተደረገ። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተመለሱ፤ ክፍሉ የሚያስፈልገው የአልጋ ብዛትም ወደ 240 ወረደ።

እነዚህን ሰዎች ከአልጋ ያስነሣቸው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን እንኳ ገና በሥራ ላይ አልዋለም። ይህ ታሪክ በብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና የተባለው ዘርፍ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ለእኛ ግን ከታሪክነቱ ይልቅ የሚጠቅመን በውስጡ ያለው ጥያቄ ነው። አንድ አረጋዊ መራመድ ሲያቅተው ምን ያህሉ የዕድሜ፣ ምን ያህሉ ደግሞ የአልጋው ሥራ ነው? አረጋውያንን መርዳት ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው። የሥነ ሕይወቱ ማስረጃ ግን ሌላ ነገር እንድንጨምር ያስገድደናል።

የሥጋ ድህነት

በ1989 አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጡንቻ መመናመን “ሳርኮፔኒያ” ብለው ሰየሙት። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ “የሥጋ ድህነት” እንደ ማለት ነው። ስያሜው እንደ መልካም ግጥም የተዋጣለት ነው፤ ድሃ ማለት ምንም የሌለው ሳይሆን ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የሌለው ሰው ነውና። የ25 ዓመት ወጣት ከወንበር ሲነሣ ከጭኑ ጉልበት የሚያወጣው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ተቀማጭ ነው። ሰውነታቸው የደከመ የ80 ዓመት አዛውንት ግን ለዚያችው ሥራ ያላቸውን ጉልበት በሙሉ ሊያወጡ ጥቂት ይቀራቸዋል። አንድ ሳምንት ጉንፋን ያስተኛቸው እንደሆነ ያቺ ጥቂት ትርፍ ታልቅና በስምንተኛው ቀን ወንበሩ አይለቃቸውም።

ከ50 ዓመት በኋላ የጡንቻ መጠን በአማካይ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉልበት ደግሞ ከዚያ በሚበልጥ ፍጥነት ይወርዳል። ምክንያቱ በከፊል ነርቭ ነው። ከሕብለ ሰረሰር ተነሥተው ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች በዕድሜ ብዛት ሲሞቱ፣ ያዝዟቸው የነበሩ የጡንቻ ክሮች ያለ አዛዥ ይቀራሉ። ጎረቤት ነርቭ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ከፊሎቹን ያድናል፤ ያልዳኑት ይሟሽሻሉ። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጣን የሚባሉት ክሮች ናቸው። እነዚህ ክሮች ለረጅም መንገድ የተሠሩ አይደሉም፤ ሥራቸው ድንገተኛ ነገር ነው። እግር እንቅፋት ሲመታው ሌላውን እግር ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደፊት የሚያስቀድሙት እነርሱ ናቸው። አዛውንቱ ገበያ ድረስ በእግራቸው ደርሰው ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው ደፍ አደናቅፎ የሚጥላቸው ስለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ዘገባ መሠረት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ።

እስከዚህ የተነገረው የዕድሜ ድርሻ ነው። የአልጋው ድርሻ ፍጥነቱ ሌላ ነው። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 ዓመት የሆነ ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አዋለ። በእነዚያ 10 ቀናት ከእግሮቻቸው ሥጋ ብቻ በአማካይ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አጡ። እነዚህ ሰዎች አልታመሙም፤ አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ምግባቸውም ተመዝኖ ይቀርብላቸው ነበር። የታመመና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ አረጋዊ የሚያጣውን መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ ሳንባ ይቋጥራል፤ ጀርባና ዳሌ ይቆስላል፤ ጉልበት ታጥፎ ይደርቃል፤ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች መቆምን ስለሚረሱ ሰውየው ቀና ሲል ራሱን ይስታል። ሐኪሙ ሪቻርድ አሸር “ወደ አልጋ የመሄድ አደጋ” በሚል ርእስ የጻፉት በ1947 ነው፤ ማስጠንቀቂያው አዲስ አይደለም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የተገላቢጦሹ ነው። በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በቦስተን በአንድ የአረጋውያን ማዕከል የሚኖሩ 10 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት ክብደት አስነሡ። የሰዎቹ አማካይ ዕድሜ 90 ዓመት ነበር። ክብደቱም ለይስሙላ የቀለለ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ሊያነሣ ከሚችለው 80 በመቶ ድረስ ይደርስ ነበር። ልምምዱን በጨረሱት 9 ሰዎች የጭን ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ በቀጥታ መስመር ላይ የመራመድ ፍጥነታቸው በ48 በመቶ አደገ። የጭናቸው ጡንቻ ግን የወፈረው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ጉልበት ከየት መጣ? በአብዛኛው ከነርቭ ነው። ሥራ የፈቱ የጡንቻ ክሮች እንደገና ትእዛዝ መቀበል ጀመሩ። 10 ሰው ትንሽ ነው የሚል አንባቢ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብዙ ነው። በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 108 ጥናቶችን አሰባስቦ የአካል ብቃት ልምምድ በማኅበረሰብ ውስጥ የሚኖሩ አረጋውያንን የመውደቅ መጠን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጃፓን ከስሕተቷ የተማረችው

ሥነ ሕይወቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ አረጋውያን በየአገሩ ተኝተው የሚውሉት ለምንድን ነው? መልሱን ከላቦራቶሪ ውጭ፣ በበጀትና በሕግ ውስጥ መፈለግ ግድ ይላል። ለዚህ ጃፓንን የሚያህል ምሳሌ የለም።

በጃፓን 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ድርሻ ከሕዝቡ 7 በመቶ የደረሰው በ1970 ነበር። በ1994 ድርሻው 14 በመቶ ሆነ። ፈረንሳይ ለዚሁ ለውጥ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባታል። ዛሬ የጃፓን ድርሻ 29 በመቶ ገደማ ነው። የአገሪቱ መንግሥት በ1973 ዕድሜያቸው 70 ዓመት ለሞላ ሰዎች ሕክምናን ነጻ አደረገ። ሐሳቡ የቸርነት ነበር፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚረዳ አገልግሎት በበቂ ስላልነበረ መንከባከብ ያቃተው ቤተሰብ ሽማግሌውን ወደ ሆስፒታል ወሰደ፤ ሆስፒታሉም አስተኛ። ሕመሙ ሳይሆን መሄጃ ማጣቱ ያስተኛው ሰው በዛ። ጃፓናውያን ይህን “ማኅበራዊ የሆስፒታል ቆይታ” አሉት፤ ተኝቶ የሚቀረውን አረጋዊ ደግሞ “ኔታኪሪ” ይሉታል። ለአረጋውያን የዋለው ገንዘብ አረጋውያንን የማስተኛ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው።

እርማቱ ጊዜ ወሰደ። ሙሉ በሙሉ ነጻ የነበረው ሕክምና በ1983 ቀረ። በ1989 መጨረሻ “ጎልድ ፕላን” የተባለ የ10 ዓመት ዕቅድ ወጣ፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ተኝቶ የሚቀርን አረጋዊ ቁጥር ወደ ዜሮ ማውረድ ነበር። በሚያዝያ 2000 ደግሞ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሥራ ጀመረ። ከገንዘቡ ግማሹ ከግብር፣ ግማሹ 40 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ከሚከፍለው መዋጮ ይገኛል፤ ተጠቃሚው ራሱ በአብዛኛው የዋጋውን 10 በመቶ ይከፍላል፤ ገቢው ከፍ ያለው እስከ 30 በመቶ።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የመድኑ መጠይቅ ነው። አገልግሎት የጠየቀ አረጋዊ ዘንድ የሚሄደው መርማሪ 74 ነገሮችን ይመዘግባል። ከሚጠይቃቸው ብዙዎቹ የበሽታ ስም አይደሉም፤ ከተኙበት መነሣት ይችላሉ? በአንድ እግር መቆምስ? ጥፍርዎን ራስዎ ይቆርጣሉ? የሚሉ ናቸው። ውጤቱ በኮምፒውተር ከተሰላ በኋላ ባለሙያዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ አይቶት ከ7 ደረጃዎች በአንዱ ይመድባል። ዝቅተኞቹ ሁለት ደረጃዎች ገና ላልተሸነፉት፣ በልምምድና በጥቂት ድጋፍ ራሳቸውን ችለው ሊቆዩ ለሚችሉት ናቸው። በዚያው በ2000 ሆስፒታሎች ስትሮክ ለመታቸውና ዳሌያቸው ለተሰበረ ሰዎች የተለዩ የተሃድሶ ክፍሎች እንዲከፍቱ ተፈቀደ፤ በእነዚህ ክፍሎች ታካሚው በቀን እስከ 3 ሰዓት ልምምድ ሊሠራ ይችላል።

ሥርዓቱ እንከን የለሽ አይደለም። ተንካባካቢ ሠራተኛ ይጎድላል፤ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በአማካይ በወር የሚከፍሉት መዋጮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ3 ሺህ የን በታች የነበረው ዛሬ ከ6 ሺህ የን በልጧል።

የምርኩዝ ፊዚክስ

“እኛ የጃፓን ገንዘብ የለንም” የሚለው ክርክር እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ከተሃድሶ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ በየቤታችን በር ጀርባ ቆሟል። ጥያቄው እንዴት እንደምንይዘው ነው። ቀኝ ዳሌያቸውን የሚያማቸው አዛውንት ምርኩዛቸውን በየትኛው እጅ ይያዙ? ብዙ ሰው ሳያመነታ “በቀኝ” ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። አዛውንቱ 60 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ በቀኝ እግራቸው ብቻ የቆሙበትን ቅጽበት እንውሰድ። በእያንዳንዱ እርምጃ እንዲህ ያለ ቅጽበት አለ። ከቆሙበት እግር በቀር ያለው የሰውነት ክብደት፣ ማለትም 50 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በቀኝ ዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ የክብደቱ ማዕከል ከመገጣጠሚያው ወደ ግራ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ዳሌ ወደ ግራ እንዳይዘነበል የሚይዘው በቀኝ ጎን ያለው ጡንቻ ነው፤ እርሱ ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገሩ የሱቅ ሚዛን ነው። 50 በ10 ሲባዛ 500 ይሆናል፤ ይህን በ5 ሴንቲ ሜትር ክንድ ለመመለስ ጡንቻው የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መጎተት አለበት። መገጣጠሚያው ሁለቱንም ይሸከማል፤ 100 ሲደመር 50፣ 150 ኪሎ ግራም። የ60 ኪሎ ሰው የታመመ ዳሌ በእያንዳንዱ እርምጃ የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን ምርኩዙ በግራ እጅ ይሁን፤ ከቀኙ መገጣጠሚያ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አዛውንቱም በ6 ኪሎ ግራም ብቻ ይጫኑት። 6 በ50 ሲባዛ 300 ነው። ከ500 ውስጥ ለጡንቻው የሚቀረው 200 ይሆናል፤ በ5 ሲካፈል 40 ኪሎ ግራም። በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው 40 ሲደመር 50 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 84 ኪሎ ግራም ነው። ስድስት ኪሎ የምትሆን ግፊት ከታመመው ዳሌ ላይ 66 ኪሎ አነሣች። ምርኩዙ በቀኝ እጅ ቢሆን ግን ይህ ረጅም ክንድ የለም፤ አዛውንቱም ሸክሙን ለማቅለል ወገባቸውን ወደ ቀኝ እየጣሉ ማነከስ ይኖርባቸዋል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተጠጋጉ ቢሆኑም መርሑ አይለወጥም። ስትሮክ የመታው ሰውም ምርኩዙን የሚይዘው በጤነኛው ወገን ነው።

ቁመቱም ሒሳብ አለው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያንጠለጥል የምርኩዙ መያዣ ከእጁ አንጓ ጋር መተካከል አለበት፤ ያን ጊዜ ክርን ጥቂት ታጥፎ ወደ ታች ለመጫን ይመቻል። ደረት የሚደርሰው የአገራችን ረጅም ዘንግ ለግርማ ሞገስ እንጂ ለመጫን አይመችም። ከታች ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሰካ ቁራጭ መንሸራተትን ይከላከላል።

“አይነሡ፣ ቁጭ ይበሉ”

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት፤ 60 ዓመት የሞላቸው ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ከ100 ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ውስጥ 5 በመቶ ማለት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ሲወለድ የሚጠበቅ አማካይ ዕድሜ በ1990 47 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሌሎች ጥረቶች ጋር ሆኖ ሕፃናትንና እናቶችን ከሞት አተረፈ። የተረፉት እናቶች እያረጁ ነው።

አረጋውያን በእኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚጦሩት በቤተሰብ ነው፤ ይህም የሚያኮራ ነው። አከባበራችን ግን አንድ ችግር አለው። እማማ ውኃ ለመቅዳት ብድግ ሲሉ “ኧረ አይነሡ! እኛ እያለን?” እንላለን። አባባ እንጨት ሲያነሡ እንነጥቃቸዋለን። ከታመሙ በኋላማ ከአልጋ መውረድ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ጠያቂ ሁሉ “ይተኙ፣ አይነሡ” ብሎ ይወጣል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። በ10 ቀን 1 ኪሎ የእግር ሥጋ የሚያስከፍል ፍቅር ነው። በአንጻሩ አማኞች ሳያስቡት የሚሠሩት ስግደትና ሶላት መጎንበስን፣ መንበርከክንና መነሣትን ያዘለ ስለሆነ አቅማቸው ለሚፈቅድላቸው አረጋውያን ዕለታዊ የጭን ሥራ ነው።

ቤቶቻችንም ለደከመ ጉልበት አልተሠሩም። ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፤ መጸዳጃው ቁጢጥ ያስብላል፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በሌሊት ጨለማ ነው። አንድ መደገፊያ እንጨት በመጸዳጃው ግድግዳ ላይ መምታት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጉዳዩ ክብርን ይነካልና ሽማግሌው አፍ አውጥተው አይጠይቁም።

ከቤት ውጭ ያለው ድጋፍ ገና ቀጭን ነው። የጡረታ ዐቅድ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞችን ብቻ ይሸፍን ነበር፤ በ2011 በወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገቡበት። አብዛኛው አረጋዊ ግን የኖረው ከእርሻው ነውና ደመወዝም ጡረታም አያውቅም። በ2005 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች፣ አረጋውያንን ጨምሮ፣ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ስንዴና ብር የጭን ጡንቻን አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለ1 ሚሊዮን ሰው ያሉት የተሃድሶ ባለሙያዎች ከ10 ያንሳሉ። የአረጋዊው ሸክም በመጨረሻ የሚወድቀው በልጅና በምራት ጀርባ ላይ ነው፤ አባትን ከአልጋ ማንሣት እንዴት እንደሆነ ያሳያት ስለሌለ የእርሷም ወገብ አብሮ ይጎዳል።

የጎደለው ሁሉ ከባዶ መጀመር የለበትም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርትና ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራ አለ። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከወንበር የመነሣትን ልምምድ ለማስተማር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ለክረምት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪም አንድ ነገር ሊሞክር ይችላል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ አያቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሡ ይቁጠር፤ እርሱም ከጎናቸው ይቁም። አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት መለኪያ ከ70 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው ሴት ከ10 ጊዜ፣ ወንድ ከ12 ጊዜ በታች ከተነሡ የመውደቅ ሥጋት አለባቸው። ቁጥሩ ለእኛ አገር ሰው በቀጥታ ላይሠራ ይችላል፤ ያው ሰው ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ የሚያገኘውን ግን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

እድርም አለ። እድር ለሞተው ሰው የተደራጀ ቢሆንም በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ሰው ይሞት በነበረበት ዘመን አንዳንድ እድሮች የታመሙ አባሎቻቸውንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ዕቃ የመግዛት፣ የማከማቸት፣ የማዋስና የማስመለስ ልምዱ ከማንም መሥሪያ ቤት ይልቅ በእድር እጅ ይገኛል። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚው ወንበርና ከትልልቁ ድስት ጎን አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁለት የመራመጃ ብረት፣ መቀመጫው ተቆርጦ ለመጸዳጃ የተመቸ አንድ ወንበርና ቁመታቸው የሚስተካከል አሥር ምርኩዞች ቢቀመጡ ከመጋዘኑ የሚይዙት አንድ ጥግ ብቻ ነው።